ሰባት ልጅ ያሳደገ ቀሚስ

ጎንደር፣ ኅዳር 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለእትዬ አመለወርቅ፣

በመጀመሪያ የእርስዎን ጉልበት እስማለሁ፤ ቀጥዬ ልጄን ይመኙሽን አገላብጬ እስማለሁ፤ ካልጠገብኋችሁም እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ደብዳቤዎ ቅዳሜ ገበያ ላይ በቅቤ ሻጯ በአበቡ እጅ ደረሰኝ። ወረቀቱ ቅቤ ጠጥቶ ግማሹ ፊደል ጠፍቷል፤ የቀረውን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ምን እንደምበላ፣ የት እንደማድር፣ ማን እንደሚያዘኝ ላስጠየቁኝ መልሱ ይኸው። እበላለሁ። የማድረው ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። አሠሪዬ የሹማምንቱን ሕፃናት ልብስ የምታሰፋ ጣሊያን ናት፤ ስሟ ረዥም ስለሆነ ሁላችንም ሲኞራ እንላታለን። ክፉ ሴት አይደለችም። ትቆጣለች፣ ወዲያው ደግሞ ይወጣላታል። በእግር የሚነዳውን የስፌት ማኪና በሁለት ሳምንት ለመድሁት። ማን እንዳስተማረኝ ብትጠይቀኝ ኮሶዬ ያለችው እኅቴ ናት አልኋት። ኮሶዬ ትልቅ ከተማ መስሏት እዚያም ስፌት ቤት አለ ወይ አለችኝ። አለ አልሁ። እርስዎ በር ላይ ተቀምጠው ሲሰፉ ካየሁት የበለጠ ስፌት ቤት እኔ አላየሁማ።

ይመኙሽን ጥዬ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አባቷ አድማሴ ከዘመቻ ሳይመለስ ቀረ፣ ጎታው ባዶ ሆነ፣ እርስዎም «አንቺ ሂጂና ሥሪ፤ እሷን ለኔ ተያት» አሉኝ። ያን ቀን ተቀይሜዎት ነበር። አሁን ሳስበው፣ ወልደው የማያውቁ ሴት የሌላ ሰው ልጅ ታቅፈው ቆመው እኔን መሸኘት ምን ያህል ልብ እንደጠየቀዎት ይገባኛል።

የላኩልኝ ክር ከወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ሳይጎዳ ተገኘ። እንዳስተማሩኝ አነበብሁት፦ ከዳር እስከ ዳር ከማጅራቷ እስከ ጉልበቷ፣ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ እጅጌዋ፣ እስከ ሁለተኛው የደረቷ ስፋት። በዚያው ልክ ነጭ የአቡጀዲ ቀሚስ ሰፍቼ በአበቡ ልኬያለሁ። ሲኞራ ከሚተርፈው ጨርቅ ለገናና ለፋሲካ ለልጄ አንዳንድ ልብስ እንድወስድ ፈቅዳልኛለች። እኔ ራሴ ልመጣ አልችልም። ይለፍ የሌለው ሰው ከኬላው አንዴ ከወጣ መልሰው አያስገቡትም፤ እኔ ከወጣሁ ደግሞ ለሁላችንም የምትሆነው ገቢ ትቀራለች።

አንድ ነገር ብቻ ያስጽፉልኝ። ትጠራኛለች?

እጅዎ የሠራት እኅትዎ፣ እንኳየሁ

ከኮሶዬ በታች፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእንኳየሁ፣

ይህን የሚጽፍልኝ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ነው። ሰላምታውን አሳምሬ ላርዝመው ቢለኝ ተወው አልሁት። ደኅና ነን። አንቺም ደኅና ሁኚ።

ቀሚሱ ደረሰ። አበቡ እንደነገረችኝ ኬላው ላይ ተይዛ ነበር፤ ከከተማ ጨርቅ የሚያወጣ ለአርበኛ ያቀብላል ይላሉና። ወታደሩ ቀሚሷን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሲያያት የአርበኛ አንድ እጅ እንኳ እንደማታስገባ ገብቶት ስቆ አሳለፋት። ከእንግዲህ የሕፃን ልብስ ያለ ፍርሃት ላኪ።

ቀሚሱ ሸጋ ነው። ምነው ግን እታለም፣ ግርጌውን ሁለት ጣት ብቻ አጠፍሽው? ልጅ የሚያድግ ነገር መሆኑን ከተማው አስረሳሽ? አንድ ስንዝር አጥፈሽ ስፊ። ጎኑንም እንዲሁ ትርፍ ተዪለት። እኔ በየጊዜው እየተረተርሁ እለቅላታለሁ። አንገቱም ጠቦ ስታለቅስ ስለነበር አስፍቼዋለሁ። ዳንቴሉን ነቅዬ አስቀምጬዋለሁ፤ ይኮሰኩሳታል። የሹም ልጅ ዝም ብሎ ይቀመጥ ይሆናል፤ ይቺ ግን ፍየል ታባርራለች።

ይመኙሽ ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ ጥርሷን ጨርሳለች። ለጠየቅሽኝ ለሌላው ነገር ጊዜ አለው።

እኅትሽ አመለወርቅ

እኔ ጸሐፊው አንድ ቃል ልጨምር። እኅትሽ ይህን ሁሉ ስህተት ስታስቆጥረኝ ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስፌቱን በጣቷ እየዳበሰች ነበር። «አንዱን ስፌት እንኳ አልሳተችም» አለች፣ ዓይኗም እንባ ሞላ። ይህን እንዳልጽፍ ነግራኛለች።

ጎንደር፣ መጋቢት 30 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእትዬ አመለወርቅ፣

ተቆጥተው ስላስጻፉት ደብዳቤ እግዜር ይስጥልኝ። ሲኞራ እንዲህ አርማኝ አታውቅም፤ እሷ የምታየው ከላይ ያለውን ነው፣ እርስዎ ግን ልብሱን ገልብጠው ያዩታል። የፋሲካውን ቀሚስ ግርጌውን ስንዝር አጥፌ፣ ጎኑን አስፍቼ፣ አንገቱን በቁልፍ አድርጌ ልኬያለሁ። ሲኞራ እጥፋቱን አይታ ይህ ሁሉ ጨርቅ ምን ይሠራል አለችኝ። ሦስት ዓመት ይሠራል አልኋት። ቀሚሱን አገላብጣ አየችና ይህን ዘዴ ለአንዲት ደንበኛዋ ልጅ ደግሜ እንድሠራው አዘዘችኝ። የእርስዎ እጥፋት እንግዲህ የኮሎኔል ልጅ ለብሶታል።

ስለ ክሮቹ ለጠየቁኝ፣ አልጥላቸውም። ሁሉንም ከአልጋዬ ራስጌ ምስማር ላይ ሰቅያቸዋለሁ። የኅዳሩና የየካቲቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ የየካቲቱ በሁለት ጣት ይበልጣል። ጠዋት ስነሣ እጄን ከወለሉ ላይ ከፍ አድርጌ ልጄ እስከዚህ ደርሳለች እላለሁ።

ጊዜ አለው ያሉትን ነገር አልረሳሁም። እጠብቃለሁ።

እንኳየሁ

ጎንደር፣ ሐምሌ 19 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእትዬ አመለወርቅ፣

ሁለት ወር ሙሉ አበቡ ከገበያ ጠፋች። በእናንተ በኩል ጭስ ታይቷል፣ መንደር ተቃጥሏል እያሉ ሰዎች በጆሮ ያወራሉ፤ ጠጋ ስል ዝም ይላሉ። ባለፈው ቅዳሜ አበቡ መጣች። ብጠይቃት ሁሉም ደኅና ነው አለችና ዓይኗን ከቅቤው ላይ ሳታነሣ ደብዳቤዎን ሰጠችኝ። አራት መስመር ነው። ደኅና ነን፣ ክር ልኬያለሁ፣ ቶሎ ስፊ፣ ደኅና ሁኚ።

እትዬ፣ ክሩን ከምስማሩ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት። ከየካቲቱ በአራት ጣት ያንሳል። እጅጌውም ያንሳል። ልጅ ይከሳል እንጂ አያጥርም። የተቀየረው ምንድን ነው? እባክዎ ቶሎ ያስጽፉልኝ።

እንኳየሁ

ከኮሶዬ በታች፣ ነሐሴ 14 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእንኳየሁ፣

ስለ ክሩ ያሳሰበሽ ነገር ቀላል ነው። ዝናብ መታው፣ ረጠበ፣ ተሰበሰበ። ሌላም ልኬልሻለሁ፤ ይህኛው ረዘም ይላል፣ በእሱ ስፊ። ብትችዪ ሱሪ የመሰለ አድርጊው። ፍየል ስታባርር ቀሚስ እያደናቀፋት ነው።

የተቃጠለ መንደር ስንት አለ። ወሬ አትስሚ። ሥራሽን ሥሪ።

እኅትሽ አመለወርቅ

የዛሬውን እንደነገረችኝ ጽፌዋለሁ። የምጨምረው የለኝም። ወልደ ገብርኤል።

ጎንደር፣ መስከረም 6 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእትዬ አመለወርቅ፣

ክር የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ያንኑ ዓይነት ክር ለክቼ ሦስት ጊዜ በፈላ ውኃ ነክሬ ሦስት ጊዜ አደረቅሁት። የተሰበሰበው የጥፍር ያህል ነው፤ አራት ጣት አይሞላም። አዲሱ ክር ደግሞ ከየካቲቱ በስንዝር ይበልጣል። ልጄ በሐምሌ አጥራ በነሐሴ ስንዝር አደገች ማለት ነው? ሱሪም ይመኙሽ ለብሳ አታውቅም።

እርስዎ ዋሽተውኝ አያውቁም። አሁን የሚዋሹኝ እኔን ለማትረፍ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን ማወቄ ነው ያስፈራኝ። ልጄ ሞታ እንደሆነ ይንገሩኝ። ክሩን ከጎረቤት ልጅ እየለኩ እኔን በተስፋ እያኖሩኝ እንደሆነ ይንገሩኝ። ጨርቁ ተቆርጦ ፊቴ ተቀምጧል። መርፌ አላነሣሁም፣ አላነሣምም። ለማን እንደምሰፋ ሳላውቅ እጄ አይታዘዘኝም።

እንኳየሁ

ከኮሶዬ በታች፣ ጥቅምት 2 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንኳየሁ፣

ይመኙሽ በሕይወት አለች። ይህን ከሰላምታ በፊት ጻፍሁት። አሁን ተቀመጪና የቀረውን አንብቢ።

ደብዳቤሽን ለእኅትሽ አላነበብሁላትም። ሰላምታ ብቻ ነው አልኋት። ይህ በመሪጌታነቴ የሠራሁት ኃጢአት ነው። ይህን የምጽፈውም እሷ ሳታውቅ ነው።

የሰማሽው ጭስ የእኛ ነበር። በግንቦት መንደሩ ነደደ፣ ከብቱም ተነዳ። የተረፍነው ገደሉን ወርደን ዋሻ ገባን። አባትና እናታቸው የቀሩባቸው ልጆች ነበሩ። በየዘመዱ ይከፋፈሉ ተባለ፤ የሚሰጥበት ዘመድ ግን አልተገኘም። ሽማግሎቹ ይህን ሲነጋገሩ እኅትሽ ተነሥታ ልጆቹን አንድ በአንድ በእጃቸው እየያዘች ወደ ራሷ ጥግ ወሰደቻቸው። ስድስት ናቸው። ከይመኙሽ ጋር ሰባት። ታናሿ ገና አትቆምም፤ ታላቁ ይባረክ ሰባት ዓመቱ ነው።

ዋሻው ውስጥ ደኅና ልብስ አንድ ብቻ ነበር፤ አንቺ ስንዝር ያጠፍሽበት የፋሲካው ቀሚስ። ያቺን ቀሚስ እኅትሽ ምን እንዳደረገቻት ላስረዳሽ። ጠዋት ከልጆቹ የበረደው ማነው፣ ያመመው ማነው ብላ ታያለች። ለትንሽ ከሆነ ግርጌውን ታጥፈዋለች፣ ለትልቅ ከሆነ ተርትራ ትለቀዋለች። ጎኑንም እንዲሁ። እኔ ዳዊት ደግሜ ሳልጨርስ ሰፍታ አልብሳ ታወጣዋለች። መርፌዋ አንድ ናት፤ እንዳትጠፋባት ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አንጠልጥላታለች። ክር ስላለቀባት ከራሷ ቀሚስ ጠርዝ እየመዘዘች ትሰፋበታለች። በሰኔ ቁርጭምጭሚቷን ይነካ የነበረው ቀሚሷ ዛሬ ባቷ ላይ ደርሷል። እኔ አርባ ዓመት ቤተ ክርስቲያን አገለገልሁ፤ እንዲህ ያለ አገልግሎት ግን በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የሰባት ሰው ልጅ በአንዲት ቀሚስ ስታሳድግ አየኋት።

ያጠረው ክር እናኑ የምትባለው የሁለት ዓመት ልጅ ልክ ነው። የረዘመውና ሱሪ ያስባለው የይባረክ። እኅትሽ ሞኝነቷ የቀድሞዎቹን ክሮች ምስማር ላይ ሰቅለሽ እንደምታኖሪ መርሳቷ ነው። ለምን እውነቱን አትነግሪያትም ብላት እንዲህ አለችኝ። «እኅቴ ለልጇ ስትሰፋ አሠሪዋ ፈቅዳላት ነው። ለስድስት የሰው ልጅ ጨርቅ አምጪ ብላት ሰርቃ ትልካለች፤ አውቃታለሁ። ተይዛ ብትታሰር ይመኙሽን ምን እላታለሁ?»

ሌላም አለ፤ እሱን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል። ይመኙሽ እኅትሽን እናቴ ትላለች። እኅትሽ በየቀኑ እናትሽ ጎንደር ናት እያለች ታርማታለች፤ ልጅቱ ሰምታ እሺ እናቴ ትላለች። ይህን ልትነግርሽ ሦስት ጊዜ አስጀምራኝ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን አስቀድዳኛለች። ወረቀት ውድ ነው ብላት፣ እሷ ብታነበው ከዚህ የበለጠ ያስከፍላታል አለችኝ።

እንግዲህ አወቅሽ። የምትፈርጂውን ፍረጂ።

ወልደ ገብርኤል

ጎንደር፣ ኅዳር 3 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእትዬ አመለወርቅ፣

መሪጌታ ይህን ሲያነብልዎ አይቆጡት። እሱ ነው የነገረኝ፤ ስለነገረኝም እጁን እስማለሁ።

አንድ ወር ሙሉ ልጄ ሞታለች ብዬ ኖርሁ። ከዚያ በአንድ ቀን የሰባት ልጆች ሰፊ ሆንሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ማልቀስ ነው፤ ቀጥዬ ተናደድሁብዎ፤ ከዚያ ስለ ቀሚስዎ ጠርዝ የተጻፈውን ደግሜ አነበብሁና ንዴቴ ሁሉ ጠፋ። እኔ እዚህ ክር በጥቅል እየወረወርሁ እርስዎ ከገዛ ልብስዎ ይመዝዛሉ። ሰርቃ ትልካለች ማለትዎ ትክክል ነው፤ እልክ ነበር። ግን አልሰረቅሁም። ሲኞራን ሰባት ልጅ አለኝ አልኋት። ሃያ ሦስት ዓመቴ መሆኑን ታውቃለች። በጣቶቿ ቆጠረች፣ ወገቤን አየች፣ እንደገና ቆጠረች። ሁለቱ መንታ ናቸው አልሁ። ወደ ጓዳ ገብታ ብል የበላው አንድ ጥቅል ካኪ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችልኝ። አመነችኝ አልልም። ምንም ግን አልጠየቀችኝም።

ስለዚህ የሰባቱንም ልክ ይላኩልኝ። ሁሉንም ሰፍቼ እልካለሁ፤ ትንንሽ ሱሪ ኬላው ላይ ማንም አይነጥቅም። ከልብሶቹ ጋር አምስት ጥቅል ክርና ስድስት መርፌ ይደርስዎታል። አንድ የትልቅ ሰው ቀሚስም እጥፋቱ ውስጥ ይኖራል፤ ለእርስዎ ነው፣ ለሌላ እንዳይሰጡት።

ይመኙሽ እናቴ ስለምትልዎ ነገር፣ ትጥራዎት። አያርሟት። ይህን መጻፍ ቀላል ሆኖልኝ አይደለም። ግን እናቴ ብላ ጠርታ የሚመልስላት ከምታጣ የሚሰማት ብታገኝ ይሻለኛል።

ለይመኙሽ በሚሆነው ቀሚስ ደረት ላይ አንዲት አደይ አበባ እጠልፍበታለሁ። ለሌሎቹ አልጠልፍም። ይቅር ይበሉኝ፤ ይህችን አድልዎ መተው አቃተኝ።

እንኳየሁ

ከኮሶዬ በታች፣ ጥር 8 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእንኳየሁ፣

መሪጌታን አልተቆጣሁትም። አንድ ቀን ብቻ አላናገርሁትም።

በላክሁልሽ ልክ የሰፋሻቸው ሰባቱም ልብሶች ደረሱ። አንዱም አልጠበበም። ልጆቹ ለብሰው ዋሻው አፍ ላይ ሲቆሙ የጠፋው መንደር ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ስፌትሽ ዛሬ ከኔ ይበልጣል። ይህን መሪጌታ እንዲጽፈው ፈቅጄለታለሁ።

መዋሸቴ ልክ አልነበረም። ሰው ልብስ ብቻ የሚለምን መስሎኝ ነበር፤ እውነትንም እንደሚጠይቅ አላሰብሁትም። ከእንግዲህ ክፉውንም ደጉንም አስጽፍልሻለሁ። የዚህ ሳምንት ክፉው፣ ታናሿ ሳል ይዟታል። ደጉ፣ እናኑ መናገር ጀመረች። ከግንቦት ወዲህ አፍ አውጥታ አታውቅም ነበር።

ለሚቀጥለው ልብስ ሰባቱን ክር እንደገና ልኬያለሁ። አደዩን አየሁት። ያንቺ ልጅ ናት፤ ጥለፊላት።

ያንቺን ቀሚስ ለብሻለሁ። እግዜር ይስጥሽ።

እኅትሽ አመለወርቅ

ከኮሶዬ በታች፣ ኅዳር 27 ቀን 1934 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእንኳየሁ፣

ጎንደር መያዟን ሰማን፣ እልል አልን። ጣሊያን ወጣ፣ ኬላውም ተነሣ። መቼ ልምጣ ብለሽ የጠየቅሽው ጥያቄ ነው ወይ? ዛሬ ተነሽ።

መንደሩን መልሰን ሠርተናል። ሰባቱም በሕይወት አሉ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ ራቁቱን ያደረ ልጅ የለኝም፤ በእግዚአብሔር ፊት ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ እላለሁ።

ይመኙሽ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። ትመጣለች ብላት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ታውቀኛለች?» አለችኝ። እናት ልጇን አትስትም ብያታለሁ።

እኔ ልጅቱን ላስረክብሽ ተዘጋጅቻለሁ። መዘጋጀቴን እንጂ ማስረከቡ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። ነይ።

እኅትሽ አመለወርቅ

ጎንደር፣ ጥር 17 ቀን 1934 ዓ.ም.

ለእትዬ አመለወርቅ፣

ሁለቱም ልጆች ደኅና ናቸው። ጥምቀትን አይተው ጠግበዋል፤ ይመኙሽ ጃንጥላ ቆጥራ ሃምሳ ላይ ስትደርስ ተምታታባት፣ እናኑ ደግሞ ትከሻዬ ላይ ሆና እንቅልፍ ወሰዳት። በታኅሣሥ እናንተ ጋ መጥቼ ለምን ሁለት ልጅ ይዤ እንደወጣሁ እርስዎም እዚያው ስለነበሩ ያውቁታል። ግን ያን ቀን ፊት ለፊት ያልተናገርሁት አለ።

ከዳገቱ ስወርድ ልጆቹ ተሰልፈው ነበር። ገና ከሩቅ አደይ የተጠለፈበትን ቀሚስ አየሁ። እጄ የጠለፈውን እንዴት እስተዋለሁ። ሮጬ ለባሿን አቅፌ መሬት ላይ ተቀመጥሁ፣ ልጄ ልጄ እያልሁ አለቀስሁ። ልጅቱም አንገቴን ጨብጣ ያዘችኝ። ቀና ስል አንዲት ረዘም ያለች ልጅ ካኪ ለብሳ ከጎን ቆማ ታየኛለች። ዓይኗ የአድማሴ ነው። ቀሚሱ ይመኙሽን ስለጠበባት ለእናኑ ማለፉን በዚያች ቅጽበት ተረዳሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ልብስ በልኳ ሰፍቼ፣ ልብሱን አውቄ ልጄን ሳትሁ።

የእናኑን እጆች ከአንገቴ ማላቀቅ አልቻልሁም። እርስዎም ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ አሉኝ። ሲሸኙን መጀመሪያ እንደሸኙኝ ቀን በር ላይ ቆመው ነበር፤ በዚህኛው ግን እጅዎ ባዶ ነበር። ይህን ዞሬ አይቻለሁ።

ከመጣን ጀምሮ እናኑ እናቴ ትለኛለች። ይመኙሽ ሰፊዋ ትለኛለች። አክብራ ነው የምትለኝ፤ በልታ ስትጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰፊዋ» ትላለች። አልቆጣኋትም፣ አላረምኋትም። ትናንት ግን ጨርቅ ስቆርጥ መጥታ ጎኔ ቆመች። እንዲህም አለችኝ። «እናኑ እናት የላትም። እኔ አለችኝ፣ ኮሶዬ ናት። አንቺ የእናኑ ሁኚ። እኔ ሰጥቻታለሁ።»

መቀሱን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ያለቀስሁት ልጄ ስለተወችኝ ብቻ አይደለም። ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እናቷን አንሥታ ለሌላት ትሰጣለች፤ ይህን ማን እንዳስተማራት አውቃለሁ። እርስዎ አንድ ቀሚስ ለሰባት ሲያካፍሉ እያየች ነው ያደገችው። ከእንዲህ ያለች ሴት ልጄን ነጥቄ ብወስድ ምን አገኛለሁ? ትቼያት ብመለስስ እንዴት እኖራለሁ?

ሁለቱንም አላደርግም። ሲኞራ እንግሊዞች ሲወስዷት የስፌት ማኪናውን ትታልኛለች። ታሰፋላቸው የነበሩት የሹማምንት ሕፃናት ከእንግዲህ እዚህ የሉም፤ ኮሶዬ ግን ሰባት አለ። ማኪናውን በበቅሎ ጭኜ፣ ሁለቱን ልጆች ይዤ በየካቲት እመጣለሁ። ይመኙሽ እኔን ሰፊዋ እያለች እርስዎን እናቴ ትበል። እኔ በዚያው ቤት እስካለሁ ድረስ የሚመጣውን ቃል ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ባይመጣም በየቀኑ አያታለሁ።

ለማኪናው በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ያለበትን ቦታ ያስለቅቁልኝ።

እኅትዎ እንኳየሁ